በሚዙሪ እየኖርን ለፊዚካል ቴራፒ በየቀጠሮው 60 ዶላር የምንከፍለው ለምንድን ነው? ለጠያቂዋ እህታችን የተሰጠ መልስ

ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ባለቤትዎ የትከሻ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው በኋላ ሐኪማቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ፊዚካል ቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ የማገገሚያ ሕክምና) እንዲወስዱ አዘውላቸዋል፤ ክሊኒኩ በየቀጠሮው 60 ዶላር ኮፔይ (ኢንሹራንስ ያለው ታካሚ ከኪሱ የሚከፍለው ቋሚ ድርሻ) ይቀበላል፤ ኬንተኪ፣ ሉዊቪል ያሉት ወንድምዎ ግን ለተመሳሳይ ሕክምና የሚከፍሉት 25 ዶላር ብቻ ነው። ሚዙሪም ኮፔዩን የሚገድብ ሕግ አለው መባሉን ሰምተው ለምን እናንተን እንዳልጠቀመ ጠይቀዋል። በካንሳስ ሲቲ አካባቢ በአንድ የቴራፒ ክሊኒክ የኢንሹራንስና የቢል ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሰሙት ነገር እውነት ነው። ኬንተኪ በ2011 ባወጣው ሕግ ኢንሹራንሶች ለፊዚካልና ለኦኪዩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን እንደገና ለመሥራት የሚረዳ ሕክምና) የሚጠይቁት ኮፔይ ታካሚው ለሐኪም ቢሮ ቀጠሮ ከሚከፍለው እንዳይበልጥ ከልክሏል። ሚዙሪ በ2013 ለፊዚካል ቴራፒ፣ ኋላም ለኦኪዩፔሽናል ቴራፒ ተመሳሳይ ገደብ ያወጣ ሲሆን፣ መለኪያው ለፕራይመሪ ኬር (ለመደበኛው የቤተሰብ) ሐኪም የሚከፈለው ኮፔይ ነው። ለሕጎቹ ምክንያት የሆነው ብዙ ኢንሹራንሶች ቴራፒስቱን ከስፔሻሊስት ጋር መመደባቸው ነው። የልብ ሐኪም ዘንድ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚሄድ ሰው 60 ዶላር የሚቻል ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚሄድ የቴራፒ ታካሚ ግን በስምንት ሳምንት ውስጥ 1,440 ዶላር ይሆናል። ለምሳሌ ክሊኒኩና ኢንሹራንሱ የተስማሙበት ዋጋ በቀጠሮ 90 ዶላር ቢሆን፣ 60ውን ታካሚው ከፍሎ ኢንሹራንሱ የሚጨምረው 30 ዶላር ብቻ ነው፤ እንዲያ ሲሆን መድን ሰጪው ማን እንደሆነ ያጠራጥራል።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን 60 ዶላር ትከፍላላችሁ? እንደ ግምቴ፣ የባለቤትዎ ኢንሹራንስ የመሥሪያ ቤታቸው የራሱ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ለሠራተኞቻቸው ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው፤ በካርዱ ላይ ስሙ የሚታየው የኢንሹራንስ ኩባንያ ወረቀቱን ለማስተዳደር የተቀጠረ ብቻ ነው። ይህን ዓይነቱን ፕላን ሰልፍ ፈንድድ ይሉታል፤ በ1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለው የፌዴራል ሕግ ስለሚገዛው የስቴት የኢንሹራንስ ሕግ አይነካውም። ስለዚህ በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት የኢንሹራንስ ካርድ የያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ 25፣ ሌላው 60 ዶላር ቢከፍሉ ስሕተት ላይሆን ይችላል።

ካርዱን ገልብጠው በጀርባው በኩል በትናንሽ ፊደላት የተጻፈውን ይመልከቱ። ኩባንያው የአስተዳደር አገልግሎት ብቻ እንደሚሰጥና የሕክምናውን ወጪ የመሸፈን ኃላፊነት እንደሌለበት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ካገኙ፣ ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ነው። ጽሑፉ ከሌለ ደግሞ ባለቤትዎ የመሥሪያ ቤታቸውን ኤችአር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይስ ፉሊ ኢንሹርድ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ (ፉሊ ኢንሹርድ ማለት ወጪውን የሚሸፍነው የኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ሲሆን ነው)፤ መልሱ በጽሑፍ መምጣቱ ኋላ ይጠቅማል። ክሊኒኩን መጠየቅ ብዙም አይረዳም፤ እኛ በኮምፒውተራችን ላይ የምናየው የኮፔዩን መጠን እንጂ ከኋላው ያለውን ውል አይደለም።

በእኛ ከተማ፣ በሁለት ስቴቶች ድንበር ላይ ባለችው ካንሳስ ሲቲ፣ አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። የስቴት ሕግ በአብዛኛው የሚከተለው ኢንሹራንሱ የተሸጠበትን ስቴት እንጂ ታካሚው የሚኖርበትን አይደለም። የሚዙሪና የካንሳስ ድንበር የሆነውን ስቴት ላይን ሮድን ተሻግሮ ካንሳስ ውስጥ ላለ ድርጅት የሚሠራ ሰው ቤቱ ሚዙሪ ቢሆንም ፕላኑ የካንሳስ ሊሆን ይችላል። ለኤችአር በሚጽፉት ኢሜይል ላይ ይህንንም ጨምረው ይጠይቁ።

ፕላኑ ፉሊ ኢንሹርድ ሆኖ ሚዙሪ ውስጥ የተሸጠ ከሆነ 60 ዶላሩ አግባብ ላይሆን ይችላል። የፕራይመሪ ኬር ኮፔያችሁ ስንት እንደሆነ አረጋግጠው ለኢንሹራንሱ ደውሉ፤ የተናገረዎትን ሰው ስምና የጥሪውን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ፤ መልሱ ካላረካችሁ በ180 ቀን ውስጥ የጽሑፍ ይግባኝ አቅርቡ። ለሚዙሪ የንግድና ኢንሹራንስ መምሪያም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። የሚዙሪ ሕግ የሚናገረው የሐኪም ትእዛዝ ስለሚያስፈልገው ቴራፒ ስለሆነ የቀዶ ሐኪሙ የጻፉት ትእዛዝ በክሊኒኩ ፋይል ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከ2023 ወዲህ በሚዙሪ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቴራፒ መጀመር ስለተፈቀደ አንዳንዶች ይህን ወረቀት ቸል ይሉታል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ይያዝ እላለሁ።

ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ ሕጉ ባይረዳም ወጪውን መቀነስ ይቻላል። ከሁሉም በፊት ቴራፒስቱን በግልጽ አነጋግሩ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚለው ትእዛዝ በብዙ ታካሚዎች ላይ መነሻ እንጂ የማይለወጥ ቁጥር አይደለም። ባለቤትዎ በየቀጠሮው ቋሚ ኮፔይ ስለሚከፍሉ ቀጠሮው 30 ደቂቃ ቢሆን 60 ደቂቃ ክፍያው አንድ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ረዘም ያሉ ቀጠሮዎች ይዞ የቀረውን በቤት በሚሠራ እንቅስቃሴ ማሟላት ይቻል እንደሆነ ቴራፒስቱን ይጠይቁ። በስምንት ሳምንት 480 ዶላር ይተርፋል። ክፍያቸው በመቶኛ የሚሰላ፣ ማለትም ኮኢንሹራንስ የሆነ አንባቢዎች ግን ይህን ምክር እንዳለ አይውሰዱት። ቴራፒ በአብዛኛው የሚቆጠረው በ15 ደቂቃ ክፍል ነው፤ በቢሉ ላይ 97110 የሚለው ቁጥር የሕክምና እንቅስቃሴ ማለት ሲሆን፣ ከጎኑ 3 ተብሎ ከተጻፈ ሦስት ክፍል ተቆጥሯል ማለት ነው። ለእናንተ ቀጠሮው በረዘመ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። የትከሻ ቀዶ ጥገና ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥንቃቄ ስለሚሹ ቀጠሮ የሚቀነሰው ቴራፒስቱና ሐኪሙ ሲስማሙ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው በወጪው ተማርሮ ለማንም ሳይናገሩ ማቆም ነው፤ ትከሻቸው ደርቆ እንደገና የመጡ ታካሚዎችን አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይረዝማል።

ቀጥሎ ቴራፒው የሚሰጥበትን ቦታ ይመልከቱ። በሆስፒታል ሥር ያለ የተመላላሽ ሕክምና ክፍልና በራሱ የቆመ ክሊኒክ ለአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የሚያስከፍሉት ዋጋ በጣም ሊለያይ ይችላል፤ ዲዳክቲብላቸውን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪስ የሚከፈለውን) ገና ላልጨረሱ ሰዎች ልዩነቱ ከባድ ነው። ሕንፃው ከሆስፒታሉ ርቆ የገበያ ማዕከል ውስጥ ስለሆነ ብቻ ራሱን የቻለ ክሊኒክ አይምሰላችሁ፤ «ቢሉ የሚወጣው በሆስፒታሉ ስም ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢሉ ለትርፍ ካልቆመ ሆስፒታል የመጣ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታሉ የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ቅጹ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ሊሞላው የሚችል ስለሆነ ከመጠየቅ አትቦዝኑ።

በዓመት ከኪሳችሁ የምታወጡት ገንዘብም ጣሪያ አለው። ለ2025 በኔትወርክ ውስጥ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ክሊኒኮች) ለሚሰጥ ሕክምና የፌዴራሉ ጣሪያ ለአንድ ሰው 9,200 ዶላር ነበር፤ ጣሪያው በጣም ከቆዩ ጥቂት ፕላኖች በቀር ሰልፍ ፈንድዶቹንም ያስገድዳል፤ ብዙ ፕላኖች ደግሞ ከዚህ ያነሰ ጣሪያ አላቸው። የባለቤትዎ ቀዶ ጥገና በዚህ የፕላን ዓመት የተደረገ ከሆነ ከጣሪያው አብዛኛው ተሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ስንት እንደቀረ በኢንሹራንሱ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ። ብዙ ፕላኖች በጃንዋሪ ወር እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምሩ ሊዘገይ የሚችል ቀዶ ጥገና በዓመቱ መጨረሻ የሚያስቡ ሰዎች ቴራፒው በየትኛው ዓመት እንደሚውል አስቀድመው ቢያሰሉ ጥሩ ነው።

ክሊኒኩ ኮፔዩን እንዲተውላችሁ ስለመጠየቅም በአስተያየት ተነስቷል። የእኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት ይቆይና በመጨረሻ «እባካችሁ ተዉልን» ብሎ ይመጣል። ክሊኒኩ ከኢንሹራንሱ ጋር ባለው ውል ምክንያት ኮፔይን እንዲሁ መተው አይችልም፤ ነገር ግን የገቢ ማስረጃ ሲቀርብለት በችግር ምክንያት ሊቀንስ ወይም ያለ ወለድ በየወሩ እንዲከፈል ሊያደርግ ይችላል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ይሻላል፤ ቢሉ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ከሄደ በኋላ የእኛ እጅ ያጥራል።

ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የፌዴራል የጤና መድን) የተወሰነ ዶላር ካለፈ ቴራፒ አይከፍልም ብለው የጻፉት አባት ያነሡት የቀድሞውን ሕግ ነው። በ1997 የወጣው የገንዘብ ገደብ በ2018 ተሽሯል። አሁን ወጪው የተወሰነ መጠን (በ2025 2,410 ዶላር ነበር) ሲያልፍ ክሊኒኩ ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑን በቢሉ ላይ ምልክት አድርጎ ያረጋግጣል እንጂ ታካሚው አይቋረጥበትም። የሜዲኬር ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል) ታካሚ 20 በመቶ ድርሻው ግን ይቀጥላል።

ከኤችአር ጋር ስትነጋገሩ አንድ ነገር ጨምሩ። ሰልፍ ፈንድድ በሆነ ፕላን ቴራፒን ከስፔሻሊስት ጋር እንዲመደብ የወሰነው አሠሪው ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ወደ ፕራይመሪ ኬር ኮፔይ ሊያወርደው ይችላል። አንድ ሠራተኛ ሲጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ የፕላኑ ምርጫ ሳይወሰን በፊት ብዙ ሠራተኞች አንድ ላይ ሆነው ሲጽፉ ግን ቢያንስ መልስ ያገኛሉ።

በመጨረሻ፣ የባለቤትዎ ትከሻ የተጎዳው እንዴት እንደሆነ አልጻፉም። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ወይም ሌላ ሥራ ላይ እያሉ ከሆነ ወጪው የሚመለከተው ይህን ኢንሹራንስ ሳይሆን የአሠሪውን ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት መድን) ነው፤ በዚያ መንገድ ለተፈቀደ ቴራፒ ሠራተኛው ኮፔይ አይከፍልም። ሚዙሪ ውስጥ ጉዳቱ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ቀኑ አልፎም ከሆነ የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ ተስፋ አይቁረጡ። እባክዎ ይህንንና በካርዱ ጀርባ የተጻፈውን፣ ስምና የአባልነት ቁጥር ሳያሳዩ፣ ቢጽፉልኝ ቀሪውን በዚያው ላይ ተመሥርቼ እመልሳለሁ።