ሰው ለሌላችሁ የዲዛይን ልጆች

ይድረስ ለወጣት የሙያ ልጆቼ፤

ሰሞኑን ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀች ልጅ «ሰው የሌለው ሰው በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ልቤ አዘነ።

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቼ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠርሁ፤ ሥራዬ የመጽሐፍ ሽፋን መሣል ነበር። መጽሐፉ ይታተም የነበረው ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ነው፤ ፊደሉን ከየሳጥኑ እያነሣ መሥመር የሚደረድረው ሠራተኛ ፊደል ለቃሚ ይባላል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመሩማ የሳጥኑ ብዛት ግድግዳ ያህላል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ፊደል ለቃሚ ዓይናቸውን ከረቂቁ ሳያነሡ እጃቸውን ብቻ እየላኩ ይለቅሙ ነበር። ፊደሉ ተገልብጦ የቆመውን መሥመር እኛ ጋዜጣ እንደምናነበው ያነቡታል።

አንድ ቀን የሣልሁትን ሽፋን አይተው «ሥዕሉ ደኅና ነው፤ ርእሱ ግን ታፍኗል» አሉኝ። «ጠ እና ጨ ሰፊ ናቸው፤ ከ‹ነ› ጎን ስታቆማቸው አየር ስጣቸው።» ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓቴን ከእሳቸው ሳጥን አጠገብ አሳልፍ ጀመር። ደራሲዎች እርማት ለማየት ይመጡ ነበር፤ ተለቅሞ ባለቀ ገጽ ላይ ሙሉ አንቀጽ እየሰረዙ እንደ አዲስ የሚጽፉም ነበሩ። ጋሼ ያን ሁሉ በትዕግሥት ይሰሙና እኔን እየጠቆሙ «ይህ ልጅ ፊደል ይወዳል» ይላሉ። የመጀመሪያውን የግል ሥራዬን ያመጣችልኝ ይህች ቃል ናት።

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ እነዚያን መጻሕፍት ዛሬም አገኛለሁ። የደራሲው ስም አለ፤ የማተሚያ ቤቱም አለ። የጋሼ ስም የትም የለም። የሚያውቁትን የጻፈላቸው ሰው ሳይገኝ፣ ኮምፒውተሩ ሲገባ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ በእጅ ሥራ ከእኛ ትበልጣላችሁ። ትዕግሥታችሁ ግን ያሳስበኛል፤ ዛሬ አርማ፣ ነገ ቪዲዮ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ሦስት ዓመት ፊደል ላይ ብቻ የቆየ ልጅ ባገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሰው ፍለጋ ባለ ሥልጣን ደጅ አትጥኑ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ያለ ሰው ያገኘሁት ሥራ የለም። የእኔ ሰዎች ፊደል ለቃሚው፣ ጠራዡና የማሽን ሠራተኛው ነበሩ። ደንበኛ መጥቶ «ማን ይሠራልኛል?» ብሎ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ የሽፋኑን ረቂቅ ይዘሽ ወደ ማተሚያ ቤቱ ራስሽ ሂጂ፤ በስልክ ልከሽ አትቀመጪ። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ቁመሽ እዪው፤ የማሽኑን ሠራተኛ ስሙን ጠይቂው። ስለ ቅጂ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ የሽፋን ሠሪዋ ስም መጽሐፉ ውስጥ እንዲታተም ውሉ ላይ አስገቢ። ደራሲው ከፈቀደልሽ የገጹን አቀናባሪ ስምም ከአንቺ ስም ሥር አስጽፊለት።