መልስ፦ ለደቡብ አፍሪካው ጉዞ ለምን 16 ተጫዋች?

አብሽር ወንድሜ፣ «ሜዳ የሚገባው 11 ሆኖ ሳለ ለቴስት ክሪኬት ጉዞ 16 ሰው፣ ያውም 6 ፈጣን ወርዋሪ ምን ያደርጋል?» ላልከው።

ክሪኬት አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው፤ ቴስት ደግሞ ረጅሙ ዓይነቱ። ነገሩ ያለው ወርዋሪዎቹ ላይ ነው። አንድ ቴስት እስከ 5 ቀን ይሄዳል። ፈጣን ወርዋሪ በቀን እስከ 20 ኦቨር ሊወረውር ይችላል፤ አንዱ ኦቨር 6 ውርወራ ስለሆነ 120 ጊዜ ሮጦ በሙሉ ኃይል መልቀቅ ማለት ነው። የፊት እግሩ መሬት ሲመታ ጫናው ታችኛው ወገቡ ላይ ያርፋል፤ እዚያ አጥንቱ ከተሰነጠቀ ለወራት አይመለስም። ተቀያሪ ይገባል እንዳትለኝ፤ ተቀያሪ ኳስ ያሳድዳል እንጂ መምታትም መወርወርም አይፈቀድለትም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ብቻ መምታትም መወርወርም የሚችል ሙሉ ተተኪ ተፈቅዷል።

ከፍታውም አለ። ጆሃንስበርግ 1,750 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኮምቦልቻ ብዙም አያንስ፤ ደርባን ደግሞ ባሕሩ ጠርዝ ላይ። በሳሳ አየር የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች፣ ስትወረወር ግን መታጠፏ ይቀንሳል። ስለዚህ ላይ ጆሃንስበርግ ኳስ አንጥሮ የሚያስነሳ ረጅም ወርዋሪ፣ ታች ደርባን ደግሞ ኳስ የሚያጥፍ ይፈለጋል። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኳስ የተጫወተ ሰው የትንፋሹን ልዩነት ያውቀዋል።

ከ16ቱ አንዱ የሆነው ሁለተኛው ዊኬት ጠባቂ (ከመቺው ኋላ ቆሞ ኳስ የሚይዘው) አብዛኛውን ጊዜ መቺም ስለሆነ ቦታ አያባክንም። ጉዞው ወደ ሕንድ ቢሆን ግን ዝርዝሩ ይገለበጣል፤ ፈጣኖቹ ተቀንሰው ኳሷን በዝግታ እያሽከረከሩ የሚወረውሩ ይበዛሉ።