አራት ፍሬ ራም ከሁለት ፍሬ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነኝ። በቢሮዬ ባለው ባለ ራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ሬንደር (ንድፉን ወደ ምስል የመቀየር ሥራ) እሠራለሁ። ኮምፒውተሩ ሁለት ፍሬ ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር 5 ራም ነበረው። በቅርቡ ተመሳሳይ ሁለት ፍሬ ከሌላ ሱቅ ጨምሬ አራቱንም ስሎቶች ሞላሁ፤ በባዮስ (በኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥም እንደ ቀድሞው ኤክስፖን፣ ማለትም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ቅንብር፣ ከፍቼ በ6000 ፍጥነት አሠራዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሬንደሩ በየመሃሉ ይቋረጣል፤ አንድ ሌሊትም ሳይቋረጥ አድሮ ፋይሉ ተበላሽቶ አገኘሁት። ሻጩ ዲዲአር 5 ስህተቱን ራሱ ያርማል ብሎኛል። የገዛሁት ራም ብልሽት ያለበት ይሆን? ወይስ በርካሽ የቀረበልኝን የሰርቨር ራም ልግዛ?

ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከገለጻዎ እንደተረዳነው ከአራቱ ራሞች አንዱም የተበላሸ ላይሆን ይችላል። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያስቀመጠው የፍጥነት ወሰን ሁለት ፍሬ ሲሰካ 5200፣ አራት ፍሬ ሲሰካ ደግሞ 3600 ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ራም አንድ መስመር ሲጋሩ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ጥራት ስለሚቀንስ፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አንዱን ቢት (0 ወይም 1) ከሌላው መለየት ያዳግታል። ኤክስፖም ቢሆን አምራቹ የፈተነው በአንድ እሽግ አብረው ለተሸጡ ፍሬዎች እንጂ ከሁለት ሱቅ ተሰባስበው ለተሰኩ አይደለም። ላያቸው ላይ የተጻፈው ስምና ቁጥር አንድ ቢሆን እንኳ በውስጣቸው ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል።

ስለዚህ አስቀድመው ኤክስፖን ይዝጉ። ፍጥነቱ መውረዱ አያሳስብዎት፤ በፕሮሰሰር የሚሠራ ሬንደር ይበልጥ የሚመካው በኮሮቹ ብዛትና አቅም ላይ ስለሆነ የሚያጡት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀጥሎም ሜምቴስት86 የተባለውን መሞከሪያ በፍላሽ ጭነው ኮምፒውተሩን ከእሱ ያስነሡና ሌሊቱን ይፈትሹ። አንድ ስህተት እንኳ ቢያሳይ «ጥቂት ነው» ብለው አይለፉት፤ እያንዳንዱን ፍሬ ለብቻው በአንድ ስሎት እየሰኩ እንደገና ይሞክሩ። ጥፋቱ የአንዱ ፍሬ ከሆነ ያ ፍሬ ለብቻውም ስህተት ያሳያል፤ ሁሉም ለየብቻ ካለፉ ግን ችግሩ ከአብሮነታቸው ነው።

ሻጩ የነገረዎት ግማሽ እውነት ነው። በዲዲአር 5 ቺፕ ውስጥ ለየ128 ቢቱ 8 ተጨማሪ ቢት ተመድቦ የአንድ ቢት ስህተት ይታረማል። ይህ እርማት ግን ከቺፑ አይወጣም፤ መረጃው ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ሲጓዝ የሚደርስበትን ስህተት አያይም፣ ስህተት መኖሩንም ለእርስዎ አያሳውቅም። የእርስዎ ችግር ደግሞ፣ ግምታችን ትክክል ከሆነ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ነው። መንገዱንም የሚጠብቀው ኢሲሲ የሚባለው ራም ነው፤ ለማረሚያ የሚሆኑ ተጨማሪ ቢቶችን ከመረጃው ጋር እስከ ፕሮሰሰሩ ይልካል። ጎግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎግል ሰርቨሮች ላይ ከነበሩት ራሞች ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ስህተት አጋጥሟቸዋል። የተጠኑት ራሞች የቀድሞ ትውልድ ቢሆኑም፣ ያለ ኢሲሲ እነዚያ ስህተቶች በዝምታ ያልፉ እንደነበር ልብ ይበሉ።

የቀረበልዎትን የሰርቨር ራም ግን አይግዙ። ብዙውን ጊዜ ሬጅስተርድ የሚባለው፣ ከፕሮሰሰሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ተጨማሪ ቺፕ ያለው ዓይነት ነው፤ የዲዲአር 5ቱ በዴስክቶፕ ስሎት ጨርሶ አይገባም፣ የዲዲአር 4ቱ ደግሞ በዲዲአር 4 ዴስክቶፕ ላይ ቢገባም ኮምፒውተሩ አይነሣም። ለእርስዎ የሚሆነው ያ ተጨማሪ ቺፕ የሌለው አንበፈርድ ኢሲሲ ነው። እሱንም ቢሆን የሚቀበለው ሁሉም ማዘርቦርድ ስላልሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የማዘርቦርድዎን መመሪያ ይመልከቱ።

የእኛ ምርጫ አራቱን ሸጠው በአንድ እሽግ ያለ ሁለት ፍሬ ባለ 32 ጊጋባይት፣ ሥራው የሚያድግ ከሆነም ሁለት ፍሬ ባለ 48 እንዲገዙ ነው፤ ለባለ 48ቱ ባዮሱን አስቀድሞ ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል። ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ይስማሙና ፈተናውን ቀኑ ሳያልፍ ይጨርሱ። የተበላሸውን ፋይል በሚመለከት፣ በተቻለ መጠን ራሙ ከመጨመሩ በፊት ካስቀመጡት ቅጂ ይጀምሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተቀመጡትን ፋይሎችም ለደንበኛ ከመስጠትዎ በፊት አንድ በአንድ ከፍተው ይመርምሩ።