«ወረቀቱ ላይ ስፓይክ ይላል፣ የሚጥል በሽታ ያዘኝ ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። ከወር በፊት ለላቦራቶሪ ደም ሰጥቼ ከወንበሩ ስነሳ ላብ አጠመቀኝ፣ አይኔ ጨለመብኝ፣ ወደቅኩ። ወዲያው ነቃሁ ግን እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነበር አሉኝ። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ሞገድ ምርመራ ተነሳሁ፣ ውጤቱ ላይ «አልፋ 10 ኸርዝ፣ ስታንጎላጅ በግራ ቴምፖራል ዊኬት ስፓይክ» ይላል። ዊኬት ስፓይክ ምንድነው? ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ስፓይክ የሚጥል በሽታ ነው ይላል። ለባለቤቴ አላሳየሁትም፣ ያዘዘልኝ ሐኪም ጋም አልተመለስኩም። እስከዛ ብዬ የአክስቴ ልጅ ለሚጥል በሽታው ከሚወስደው ፌኖባርቢታል ማታ ማታ አንድ እየወሰድኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ዊኬት ነው፣ እንቅልፍ የነሳሽ ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ወረቀቱን መደበቅሽ ብቻ ይነግረኛል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልመልስልሽ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ የሚጥል በሽታ አለብሽ የሚያስብል ነገር አላየሁም።

አልፋ 10 ኸርዝ ማለት አልፋ የሚባለው የአንጎል ሞገድ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፣ ነቅተሽ አይንሽን ስትጨፍኚ ከጭንቅላትሽ ኋላ በኩል ይመጣል፣ ስትገልጪ ይጠፋል። ያዋቂ ሰው ከ8 እስከ 13 ስለሆነ ያንቺ ምንም አይወጣለትም። (ሐንስ በርገር የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ይሄንን ሞገድ ሲያሳትም ብዙ ሰው አላመነውም ነበር፣ ዛሬ ኢኢጂ የሚያነብ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።) ከዛ ሰው ሲያንጎላጅ አልፋው ይበታተናል፣ ቀርፋፋ ሞገዶች ይገባሉ፣ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ አናቱ ላይ ሹል ሹል የሚሉ ይወጣሉ፣ ለማያውቅ አይን ሁሉም ያስፈራል። ነቅቶ የተቀመጠ አዋቂ ላይ ቢታይ ያሳስበኝ የነበረ ቀርፋፋ ሞገድ ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ላይ ባይኖር ነው የሚገርመኝ።

ዊኬትም ከነዚሁ ቤተሰብ ነው። ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያንጎላጅ የሚመጣ፣ በሰከንድ ከ6 እስከ 11 ጊዜ ቅስት ቅስት እያለ የሚሄድ ሞገድ ነው። ተከታትሎ ሲመጣ ይታወቃል፣ ችግሩ አንዱ ብቻውን ሲወጣ ሹል ስለሚሆን የሚጥል በሽታውን ስፓይክ መምሰሉ ነው። ግን ከኋላው ቀርፋፋ ሞገድ አያስከትልም፣ በዙሪያው ያለውንም አይረብሽም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ስንቱን እንደሚያስደነግጥ ቢያውቁ ስፓይክ የሚለውን ይተዉት ነበር መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር እኛም ሙያ ውስጥ ዊኬትን የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ማንበብ የታወቀ ስህተት ነው፣ በሱ ምክንያት ለዓመታት ያለበሽታቸው መድኃኒት የዋጡ ሰዎች አሉ። ያንቺን ያነበበው ግን ስሙን ለይቶ ጽፎልሻል፣ አመስግኚው።

አንድ ነገር ደግሞ ስንቴ እንደተናገርኩት አላውቅም፣ ማሽኑ በሽታ አይፈርድም! የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የመጀመሪያ ኢኢጂው ንጹህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ አንድም ቀን ወድቆ የማያውቅ ጤነኛ ሰው ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ሹል ሞገድ ይገኛል። እኛ የምንወስነው በታሪኩ ነው። ያንቺ ታሪክ ደም፣ መነሳት፣ ላብ፣ የአይን መጨለም፣ ወዲያው መንቃት ነው፣ ይሄ የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ራስን መሳት ነው የሚመስለው፣ እጅ መንቀጥቀጡም አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ደም ሲያጥረው የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ አለ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፌኖባርቢታል?! ያልታዘዘልሽን፣ ላልተረጋገጠ በሽታ፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ? ይሄ ራስ ምታት ሲይዝሽ እንደምትውጪው ክኒን አይደለም። ያደነዝዛል፣ መኪና ከነዳሽ አደጋ ነው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ያዳክመዋል፣ ከአልኮል ጋር ትንፋሽ እስከማፈን ይደርሳል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰውነት ከለመደው በኋላ በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ይጥላል፣ ያልነበረብሽን ያመጣብሻል። ስለዚህ «ዶክተሩ ተቆጣኝ» ብለሽ ዛሬ ማታ እንዳትጥዪው! ነገ ጠዋት ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ፣ በአንዴ ይቁም ወይስ ቀስ እየተባለ ይቀነስ የሚለውን እሱ ይወስን። የአክስትሽ ልጅስ? የሱ እንክብል የተቆጠረ ነው፣ ላንቺ እየሰጠ ሲያልቅበት እሱ ሊወድቅ ነው፣ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እባክሽ ዛሬውኑ ደውይለትና ስንት እንደቀረው ጠይቂው።

በዛው ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነስተሽ ካላወቅሽ ተነሺ። ተኝተሽ ወይ ስፖርት እየሰራሽ ከወደቅሽ፣ ወይም ከመውደቅሽ በፊት ልብሽ ከመታሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

ወረቀቱን ለባለቤትሽ አሳዪው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ስትወድቂ አጠገብሽ የነበረ ሰው ካገኘሽ እሱንም ሐኪሙ ጋ ይዘሽው ሂጂ፣ እሱ ያየው ከኢኢጂው ወረቀት የበለጠ ይጠቅመናል።