ካንሰርን በደም አንቲቦዲ የመለየት ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አርሲ ውስጥ ባለ ሆስፒታል በላብራቶሪ ቴክኖሎጂስትነት ሦስት ዓመት ሠርተሻል። አባትሽ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው ያረፉት፤ በሽታው ሲታወቅ ውሃ እንኳ መዋጥ ተስኗቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ እንግዳ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን) ካንሰርን አስቀድሞ ሊጠቁም እንደሚችል አነበብሽ፤ ሐሳቡም ከልብሽ አልወጣ አለ። አሁን በኢንተርኔት የሚሰጥ የሦስት ወር «የካንሰር ቅድመ ምርመራ ስፔሻሊስት» ኮርስ አግኝተሻል። ያጠራቀምሽውን ከፍለሽ፣ ሥራ ለቀሽ ልትገቢበት ወይስ ማስተርስ ልትማሪ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፈጣሪ ያጽናሽ።

ለኮርሱ ገንዘብሽን አትክፈዪ፤ ሥራሽንም አትልቀቂ። በሦስት ወር ስፔሻሊስት የሚያደርግ ትምህርት የለም፤ ያንን ወረቀት አይቶ የሚቀጥር ላብራቶሪም አላጋጠመኝም። ማስተርሱን ተማሪ። በየትኛው በኩል እንደምትገቢበት ግን ማሰብ አለብሽ፤ ለዚህም መጀመሪያ ምርመራው ራሱ ምን እንደሆነ እንነጋገር።

በደብዳቤሽ ሁለት ነገሮች ተደባልቀውብሻል። ፒኤስኤ ወይም ሲኤ 125 የተባሉት የካንሰር ጠቋሚ ምርመራዎች ሲሠሩ አንቲቦዲው ያለው ኪቱ (የመመርመሪያ ዕቃው) ውስጥ ነው፤ የሚፈለገው በታካሚው ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። አንቺ ያነበብሽው የዚህን ግልባጭ ነው። የካንሰር ሴል የተበላሸ ወይም ያለቦታው የተሠራ ፕሮቲን ሲያወጣ፣ የሰውነት መከላከያ እንደ እንግዳ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያዘጋጅበታል። ስለዚህ ፕሌቱ (ምርመራው የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ የሚለጠፈው ፕሮቲኑ ነው፤ የሚታደነው የታካሚው የራሱ አንቲቦዲ ነው። የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ በኢላይዛ፣ ማለትም በቀለም ለውጥ በሚለካው ዘዴ ስትሠሪ እጅሽ የለመደው ሥራ ማለት ነው። ዕጢው ትንሽ ሳለ የሚያወጣው ፕሮቲን ኢምንት ቢሆንም፣ መከላከያው አንቲቦዲውን አባዝቶ ስለሚያመርት ምልክቱ ጎልቶ የመታየት ዕድል አለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፒ53 በተባለው ፕሮቲን ላይ የተሠራ አንቲቦዲ በጡት ካንሰር ታካሚዎች ደም ውስጥ መገኘቱ የተዘገበው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ከ40 ዓመት በኋላ ለምን በየሆስፒታሉ አይሠራም? አንድ ጥናት ላሳይሽ፤ ለሥራ ምርጫሽ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በእንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ላይ የተፈጠረ ኧርሊ ሲዲቲ ላንግ የሚባል ምርመራ አለ፤ በሰባት ፕሮቲኖች ላይ የሚነሱ አንቲቦዲዎችን በኢላይዛ ይለካል። ስኮትላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆነና ለሳንባ ካንሰር የተጋለጡ፣ የሚያጨሱና ሲያጨሱ የነበሩ 12,208 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ተመረመረ፣ ገሚሱ በተለመደው ሕክምና ቀጠለ። ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ምርመራው በተደረገለት ወገን 56፣ ባልተደረገለት 71 ሰዎች የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው። በሽታው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የታወቀው በመጀመሪያው ወገን 33 ሰዎች ላይ፣ በሁለተኛው 52 ሰዎች ላይ ነው። አባቱን ዘግይቶ ላጣ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ከተመረመሩት ውስጥ ፖዘቲቭ የሆኑት 598 ሰዎች ነበሩ። ከነዚህ በሁለቱ ዓመት ካንሰር የተገኘባቸው 18 ናቸው። 580 ሰዎች «ፖዘቲቭ ነህ» ተብለው፣ ደንግጠው፣ ለተደጋጋሚ ሲቲ ስካን ተጠርተው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካንሰር አልተገኘባቸውም። ካንሰር ከተገኘባቸው 56 ውስጥ ደግሞ 38ቱ መጀመሪያ ሲመረመሩ ኔጌቲቭ ነበሩ። በሞት በኩልም የሚያስተማምን ልዩነት በሁለት ዓመት ውስጥ አልታየም። ስኮትላንድ ሲቲ ስካኑን መሸከም ችላለች። በአንቺ ሆስፒታል 580 ሰው ፖዘቲቭ ሆኖ ቢመጣ በየስድስት ወሩ ወዴት ትልኪዋለሽ? ይህን ጥያቄ ጠይቆ በቁጥር መመለስ የሚችል ሰው ነው በዚህ መስክ እጥረት ያለው። አዲስ አንቲቦዲ አገኘሁ የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም መንገድ የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እኔም ነጭ ጋውን ለብሼ ቤንች ላይ ነበርኩ። በአንድ ጥናት ውስጥ የታካሚዎቹ ሴረም (ከደም ተለይቶ የሚወሰደው ፈሳሽ) በአንድ ፍሪዘር፣ የጤነኞቹ በሌላ ፍሪዘር ተቀምጦ ነበር። በአንድ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፋ፤ የታካሚዎቹ ፍሪዘር ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ከቱቦዎቹ ላይ ጽሑፉ በውሃ ለቆ ሰማያዊ ቀለም ወለሉ ላይ ወርዷል። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ዳግም በረዶ ሆነ፤ በመዝገብ ላይ ግን ማንም ምንም አልጻፈም፤ እኔም ጭምር። ከወራት በኋላ ኢላይዛው ተሠርቶ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያማረ ልዩነት ወጣ። ልዩነቱ የመጣው ከካንሰሩ ይሁን ከፍሪዘሩ ማንም ሊናገር አልቻለም። የዓመት ተኩል ድካም ተጣለ፤ ደም የሰጡን ሰዎች ፊት እስካሁን ይታየኛል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የላብራቶሪ ኃላፊሽን ሴሮሎጂ (አንቲቦዲ የሚመረመርበት) ክፍል እንድትመደቢ ጠይቂ፤ የጥራት ኃላፊውን ደግሞ አግዢ። የኮንትሮል፣ ማለትም መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ናሙናዎችን ውጤት በየቀኑ በሌቪ ጄኒንግስ ቻርት (ውጤቱ ከተፈቀደው መስመር መውጣት አለመውጣቱን በሚያሳየው ሰንጠረዥ) ላይ አስፍሪ፤ የኪቱ ሎት ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) ሲቀየር፣ መብራት ሲጠፋ፣ ናሙና ቀልጦ ሲመጣ ቀንና ሰዓቱን ጻፊ። አይኤስኦ 15189 የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ላብራቶሪ ጥራት መስፈርት በናንተ ዘንድ ኦዲት ሲመጣ ብቻ የሚወጣ ፋይል ሆኖ ይሆናል፤ አንቺ ግን ከገጽ እስከ ገጽ አንብቢው። አንድን ምርመራ ማረጋገጥ የሚባለው ሥራ ሰዋስው እዚያ ውስጥ ነው።

ማስተርሱን በክሊኒካል ኬሚስትሪ ወይም በኢሚዩኖሎጂ አድርጊው። ሁለቱም ያዋጣሉ፤ እኔ ብሆን የትምህርት ክፍሉን ስም ትቼ አማካሪውን እመርጥ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍሽ አንድ ምርመራ በኛ ሰዎች ደም ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚመዝን ይሁን። ባዮስታትስቲክስና ኤፒዲሚዮሎጂን ለማለፍ ብለሽ ብቻ አትማሪያቸው። አር የተባለው የስሌት ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል፤ በላፕቶፕሽ ጫኚና ከላይ ያሉትን የስኮትላንድ ቁጥሮች ራስሽ አስልተሽ ተለማመጂ።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለአንቺ። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የቻይና ሻንቱ ተመራማሪዎች ለዚሁ ካንሰር የስድስት አንቲቦዲዎችን ስብስብ ሞክረው አሳትመዋል። ስብስቡ በአርሲ ሰው ደም ላይ ይሥራ አይሥራ በቻይና ናሙና አይታወቅም፤ የአርሲ ሰው ሴረም በወጉ ተሰብስቦ፣ በወጉ ተቀምጦ፣ ከኢንዶስኮፒና ከፓቶሎጂ ውጤት ጋር ተያይዞ መገኘት አለበት። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ በሥጋ ደዌ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት የኢሚዩኖሎጂ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። የቅጥር ማስታወቂያቸውን ተከታተይ። ስታመለክቺ የሦስት ወር ሰርተፍኬት ሳይሆን በእጅሽ የጻፍሽውን የኮንትሮል መዝገብ ይዘሽ ቅረቢ።

ደመወዙ መጀመሪያ ላይ ካለሽበት ብዙ ላይበልጥ ይችላል፤ ቤተሰብ የምትደግፊ ከሆነ ይህንንም ከግምት አስገቢ። ያጠራቀምሽውን ለማስተርሱ ጊዜ ለኪራይና ለትራንስፖርት አቆዪው።

የአንድ ወር ቻርትሽ ሲሞላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ነጥቦቹ ከመስመሩ የወጡበትን ቀን አብረን እናያለን።