የዲሲፕሊን ኮሚቴው ያዳላብኛል ብለሽ ከመቅረብ አትቅሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ኮሚቴውን የሚመራው የከሰሰሽ ዳይሬክተር የቅርብ ሰው ነው፤ ክሱ ሁለት መስመር ነው፤ «መጨረሻው የታወቀ ነው፣ ባልቀርብስ?» ነው ያልሽው። በሠራተኛው ተመርጬ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኜ ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

በፍጹም እንዳትቀሪ። ካልቀረብሽ ጉዳዩ በሌለሽበት ይታያል፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባውም የእነሱ ቃል ብቻ ይሆናል። ኮሚቴው አጣርቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አይቀጣም። የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። ስንብት ቢመጣ ይግባኝ የምትይው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ያሉት ዳኞች አንቺንም አለቃሽንም አያውቁም፤ ፋይል ነው የሚያገላብጡት። ስለዚህ በቃል የምትናገሪው ሁሉ በጽሑፍም ይግባ።

መጀመሪያ ክሱን ያዢ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የዲሲፕሊን ደንብ ቁጥር 77/1994 ክሱ በጽሑፍ እንዲደርስሽና መልስ እንድትሰጪ መብት ይሰጥሻል። «ሥነ ምግባር የጎደለው ተግባር ፈጽመሻል» ለሚል ነገር ግን ምን ብሎ መልስ ይሰጣል? በየትኛው ቀን፣ ምን አድርጌ፣ የትኛውን አንቀጽ ጥሼ፣ በምን ማስረጃ ብለሽ ጠይቂ። የተጠቀሰውንም አንቀጽ አጣሪው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከቁጥር 515/1999 ወደ 1064/2010፣ ከዚያም ወደ 1353/2017 ተቀይሯል። ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ጊዜ ይሠራ የነበረው የትኛው እንደሆነ ማየት አለብሽ።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። የፕሪንተር ቶነር ጎድሏል ተብሎ ተከሰሰ። «ዕቃው በሞዴል 22 ወጥቷል፣ ሰነዱ ይቅረብልኝ» አለ፤ ሞዴል 22 ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ ተረካቢው የሚፈርምበት ቅጽ ነው። ሰብሳቢው «ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጊዜ አታባክን» አለው። ልጁ አልተከራከረም። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ጽፎ መዝገብ ቤት አስገባ፤ ቁጥርና ማህተም የተመታበትን ቅጂ ያዘ። የኮሚቴው አብላጫ ድምፅ ግን «ይሰናበት» አለ፤ እኔ የልዩነት ሐሳቤን አስመዘገብኩ። ኃላፊውም አሰናበተው። በይግባኝ ግን ያቺ ማህተም ያለባት ወረቀት ወጣች፤ ሰነዱ ይቅረብ ተባለ። ሞዴል 22 ላይ ቶነሩን ተረክቦ የፈረመው ማን ሆኖ ተገኘ? ልጁ ላይ የመሰከረው ሰው ራሱ! ልጁ ወደ ሥራው ተመለሰ። እስከዚያው ግን ቤተሰቡ ያለ ደመወዝ ከርሟል፤ እሱን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ሰነዱ ከመዝገብ ክፍል እስኪመጣ አንድ ቀን መታገስ ምን ይጎዳ ነበር?

ስለ ሰብሳቢው የምልሽም ይኸው ነው። «ይነሳልኝ» በይ፤ ግን ምስክር ከመሰማቱ በፊት፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ። «ወዳጁ ነው» ብቻ ብትይ ማንም አይሰማሽም። ክሱን ከዳይሬክተሩ ጋር ሆኖ አዘጋጅቷል? በምርመራው ላይ ነበረ? ምስክር ሆኖ ተቆጥሯል? ከአንቺ ጋር የተመዘገበ ቅሬታ አለው? የሚታይ ነገር ጥቀሺ። አልነሳም ካለም እምቢታው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ አንቺም ክርክርሽን ቀጥዪ። ረግጦ መውጣት ለእነሱ ነው የሚመቸው።

ቃለ ጉባኤ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። «ፊርማው የእኔ ነው» ያለ ሰው «ጥፋቱን አምኗል» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ እንዲታረም ጠይቂ፤ ካላረሙት «በዚህ አልስማማም» ብለሽ ከፊርማሽ በላይ ጻፊ።

ውሳኔው ሲሰጥሽ የተቀበልሽበትን ቀን ጽፈሽ ፈርሚ። የይግባኝ ጊዜው አጭር ነው፤ ብዙ ሰው አለቃ ይቅር ይለኛል ብሎ ሽማግሌ ሲልክ ያልፈዋል። ሽማግሌውም ይሂድ፣ አንቺ ግን ይግባኝሽን አስገቢ። የክሱን ወረቀት ስምሽንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ሸፍነሽ እዚህ ብትለጥፊው መልሱን አብረን እናየዋለን።