ደሴ እየበረደ ላፕቶፑ ለምን ይጮኻል?

አንድ የደሴ አንባቢ ችግሩን ጽፎልኛል። ላፕቶፑን አዲስ ከገዛው ሁለት ወሩ ነው። መጀመሪያ ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ራም ሊያስጨምር አንድ ሱቅ ወሰደው። ባለሱቁ «እግረ መንገዴን ፔስቱንም ቀይሬልሃለሁ» ብሎ መለሰለት። ፔስት ፕሮሰሰሩና በላዩ ባለው መዳብ መካከል የሚቀባ፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ነው። ከዚያ ወዲህ በተከፈተ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል። ታስክ ማናጀር ላይ ሲያይ ፕሮሰሰሩ ከ4 እና 5 በመቶ በላይ አይሠራም። በጎን የሚወጣው አየር ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ሰው «ፋኑ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎታል። «ደሴ በዚህ ብርድ ምን ያሞቀዋል?» ይላል።

አብሽር ወንድሜ። ፋን አትግዛ። ፋንህ ጤነኛ ነው።

መልእክትህን ሳነብ ልቤን የያዘው ጩኸቱ አይደለም፤ ቀዝቃዛው አየር ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ሙቀቱ በፔስቱ አልፎ ወደ መዳቡ ቱቦ ይገባል። ከቱቦው ፋኑ አጠገብ ወዳሉት ስስ ክንፎች ይሄዳል። ፋኑ ያንን ነው ጠርጎ የሚያስወጣው። በሙሉ ጉልበቱ እየዞረ የሚያወጣው አየር ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ክንፎቹ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። መንገድ ላይ ቀርቷል። የት? እኔ የምገምተው ፕሮሰሰሩና መዳቡ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። ባለሱቁ የነካካውም እሱኑ ነው።

ከመፍታትህ በፊት ግምቴን ፈትሽ። ኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና ምንም ሳትሠራ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እይ። ከ80 ዲግሪ በላይ ከሆነ ነገሩ ያልኩት ነው። 45 ወይም 50 ላይ ከሆነ ግን አትፍታው፤ ችግሩ የፋኑ መቆጣጠሪያ ሳይሆን አይቀርም፣ ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራውን የቦርዱን ፕሮግራም) አድስ። ድምፁ ንፋስ ሳይሆን ኳኳታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ገመድ ከፋኑ ምላስ ጋር ተነካክቷል እልህ ነበር።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ይህን ጥያቄ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም ማስረዳቱን እወደዋለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ጆሮህ ድፍን የሚለው ለዚህ ነው። ደሴ ላይ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላውም እሳት ላይ የሚቆየው ለዚሁ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስፋቱ የትም ቦታ ያው ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ጅቡቲ ላይ አንድ ሙሉ ጆንያ የሚሸከም ፋን እዚህ ጆንያውን ሩብ ያህል ጎደሎ አድርጎ ነው የሚሸከመው። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ስለዚህ ፈጥኖ ይዞራል፣ ድምፁም ይጨምራል። በእርግጥ ብርዱ ይክሰዋል። በ15 ዲግሪ አየር የሚቀዘቅዝ መዳብ በ35 ዲግሪ ከሚቀዘቅዘው ይሻላል። ሁለቱ ይጓተታሉ እንጂ ደሴ ስለበረደ ፋን ዝም ይላል ማለት አይደለም። ብዙ አምራቾች ማሽናቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንደሚሠራ ይጽፋሉ፤ ደሴ ከዚያ በታች ናት። ስለዚህ ከፍታው ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል እንጂ በሁለት ደቂቃ አያስጮኸውም። ያስጮኸው የሰው እጅ ነው።

የሻጩ ዋስትና ካለህ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። ከሌለህ ራስህ ሥራው፤ ከባድ አይደለም።

ዝጋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ የታች ሽፋኑን ክፈት። ከዚያ ማንኛውንም ነገር ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኮኔክተር አላቅ። በጥፍርህ ወይም በአሮጌ ካርድ ጠርዝ እንጂ በካቻቢቴ አይሆንም። የሊቲየም ባትሪ በብረት ከተወጋ እሳት ነው። ባትሪው አብጦ ካገኘኸው ሥራውን እዚያው አቁም።

መዳቡ ላይ ካሉት ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ይኖራሉ። ከመጨረሻው ቁጥር ጀምረህ በጥቂት በጥቂቱ አላላ። ስትፈታው አንዱ ብሎን ልል ሆኖ፣ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ እንደምታገኘው እጠረጥራለሁ። እኔ ጋ ከአራት ብሎን በሁለት ብቻ ታስሮ የመጣ ማሽን አለ። ባለቤቱ ከዚያ በፊት ሁለት ፋን ገዝቶለት ነበር! ይህ ያናድደኛል። ስም የሌለው ነጭ ፔስትም ሌላው መከራዬ ነው። በርካሽ ይገዛል፣ ከዚያ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ሁለት ወር ያልሞላው ማሽን ፔስት መቀየር ምን አስፈለገው? የፋብሪካው ዓመታት ይቆይ ነበር።

አሮጌውን ፔስት በጥጥና በፋርማሲ አልኮል ጥረግ። ካቲካላ አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚተወው ነገር አለው። አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቅ። ከጎን ባሉት ትንንሽ ቺፖች ላይ ያሉትን ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ፓዶች እንዳሉ ተዋቸው። አዲስ ፓድ ተለጥፎ ከሆነ ግን የላስቲክ ልጣጩ መነሳቱን እይ፤ ልጣጩን ረስተውት የለጠፉ አይቻለሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ ስሙ ከታወቀ ፔስት የሩዝ ፍሬ የምታህል አድርግ። ቺፑ ረዘም ካለ ቀጭን መስመር አድርገው። ብሎኖቹን ከ1 ጀምረህ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቅህ ዙር። አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ወደ ሌላው ከሄድክ መዳቡ በአንድ ጎን ይነሳና እንደገና እዚያው ነህ።

ፋኑን ማጽዳት ካማረህ በለስላሳ ብሩሽ ይሁን። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር የሚያስነፋ ሰው አለ። ፋኑ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ያን ጊዜ እውነትም ይሞታል።

ራሙ በደንብ መግባቱን እግረ መንገድህን እይ። ባትሪውን መጨረሻ ላይ ሰካ። እደግመዋለሁ፤ ባትሪው ተሰክቶ እያለ ብሎን አትፍታ፣ አትሰር። አንዲት ብሎን ቦርዱ ላይ ብትወድቅ ማዘርቦርዱን ታቃጥለዋለች።

ስትከፍተው ሙቀቱን እንደገና ለካ። ምንም ሳትሠራ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ከሆነ ተስተካክሏል። ሥራ ስታበዛበት የሚወጣው አየር ይሞቃል፤ አትደንግጥ፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ሙቀቱ ካልወረደ ግን መዳቡ ራሱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በእጅህ ልታቃናው አትሞክር። ባትሪውን አላቅህ ይዘኸው ና፤ ፒያሳ ነኝ።